ሙያ በእጅ ነው

አዲስ ዘመን ላይ፣ ጣራ ገዳም ደኑን ለብሶ ቁልቁል በሚያይበት ሰፈር፣ አንድ የብየዳ ቤት አለ። ባለቤቱ አዛውንት በሩ ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። የጎረቤት ልጅ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

ልጅ፦ እንደምን ዋሉ አባባ?

አዛውንት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ቁጭ በይ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?

ልጅ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደቅሁ። የእናቴን ዓይን ማየት አፈርኩ።

አዛውንት፦ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከመቶ 3 ያህሉ ናቸው ያለፉት፤ በ2015ም ያው ነበር። የቀረው ሁሉ አፍሮ ቤቱ ከተቀመጠ አገር ማን ይሠራል?

ልጅ፦ ሙያ ልማር ብል ደግሞ ዘመዶቼ «ቀጥቃጭ ልትሆኚ ነው?» አሉኝ።

አዛውንት፦ የቆየ በሽታችን ነው። ማረሻችንን የሚሠራልንን ቡዳ፣ ሸማችንን የሚሸምንልንን ቁጢት በጣሽ ስንል ኖርን። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሙያተኛ ያከብሩ ነበር። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት፣ እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር የተባሉትን ፈረንጆች አስፍረው መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ «መድፍ አናውቅም» አሉ። ንጉሡ እምቢ አሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ ደገሙ። ያገራችን ወጣቶችም አብረዋቸው እየሠሩ እያዩ ለመዱ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

ልጅ፦ ታዲያ ያ ሙያ የት ገባ?

አዛውንት፦ እሱን መጠየቅሽ ደግ ነው። ንጉሡ በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን አስጎትተው መቅደላ ወጡ። በሚያዝያ ሞቱ፤ ፈረንጆቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አለ፤ ያቀለጠው እጅ ግን ተበተነ። ለማጁ ጌታ ሳይሆን ጌታው ሄደ።

ልጅ፦ እኔስ እንዳልበተን ምን ላድርግ?

አዛውንት፦ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ደብረ ታቦር ሄደሽ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መግባት ነው። እዚያ የትብብር ሥልጠና የሚሉት አለ፤ ንድፈ ሐሳቡን ኮሌጁ ያስተምርሻል፣ ተግባሩን ድርጅት ገብተሽ ትለምጃለሽ። ሁለተኛው እንደኔ ያለ ሥራ ቤት በቀጥታ መግባት ነው።

ልጅ፦ ከሥራ ቤት የወጣ ሰው ወረቀት የለውም ይላሉ።

አዛውንት፦ ስሕተት ነው። የትም ተማሪ፣ ለሙያ ብቃት ምዘና ተቀምጠሽ ካለፍሽ የምስክር ወረቀቱን ታገኛለሽ። መዛኙ የሚያየው የበየድሽውን ነው። የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚማረው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ቀጽሎ፣ «በቃህ» ሲባል ነው የሚወጣው።

ልጅ፦ ጌታው ሳያስተምር ጉልበቴን ብቻ ቢበላስ?

አዛውንት፦ ደርሶብኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ሥራ ቤት ሁለት ዓመት ቱቦላሬ ተሸክሜ፣ ቡና አመላልሼ፣ ማሽኑን አንድ ቀን ሳልነካ ወጣሁ። ስለዚህ ስትገቢ «እዚህ ምን ይሠራል?» አትበይ፤ «እኔ በስንተኛው ወር ላሜራ እቆርጣለሁ? በስንተኛው እበይዳለሁ?» በይ። መልስ የሌለው ሰው ተሸካሚ ነው የሚፈልገው።

ልጅ፦ ቃሉን ቢያጥፍስ?

አዛውንት፦ ቃል ስለሚታጠፍ ነው ውል የሚጻፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የለማጅ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ የምትማሪው ሙያ፣ የሥልጠናው ዘመን፣ በሥልጠና ላይ ሳለሽ የሚከፈልሽ ገንዘብ ይጻፍበታል። ሌላም አለ፤ ያለ መነጽር ብየዳ እንድታዪ የሚያዝሽ ጌታ ጌታ አይደለም፣ ጥለሽ ውጪ።

ልጅ፦ 14 ዓመት የሆነው ወንድሜም ከእኔ ጋር ልምጣ ይላል።

አዛውንት፦ እሱ ደብተሩን ይያዝ። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ላልሞላውም ሥራው በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፣ ሌሊትም አይሠራም።

ልጅ፦ እንግዲህ እኔን ይቀበሉኛል?

አዛውንት፦ ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በልብ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ሲቀበር አይቻለሁ። ሙያ በእጅ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈም ይሞታል። ሰኞ ጠዋት እናትሽን ይዘሽ ነይ። ውሉን ጽፈን ሁላችንም እንፈርማለን። በአራተኛው ወር የራስሽን በር ካልበየድሽ፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ እኔኑ ክሰሺኝ።