መጽሐፉ ማን ጋ ነው?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ብዙ ኮምፒውተሮች ያለ አለቃ ተገናኝተው የሚፈለገው ነገር ማን ጋ እንዳለ እንዴት እንደሚያገኙ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም ወጣ። ሰዎች ዘፈን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይለዋወጡበት ነበር፤ የትኛው ዘፈን ማን ጋ እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ግን አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። በ2001 በፍርድ ቤት ጉዳይ እሱ ሲዘጋ መለዋወጡም ቆመ። እኛም ክፍል ይሄ ደርሷል። መጽሐፍ የምንወስደው በተራ ነው፤ ባለፈው የፈተና ዋዜማ ዝርዝሩን የያዘችው ልጅ አሟት ስትቀር የሳይንሱ መጽሐፍ ማን ጋ እንዳለ ሳናውቅ አደርን።

በ2000 የመጣው ኑቴላ ዝርዝሩን አስቀረው። ጠያቂው ለጎረቤቶቹ ይልካል፣ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው፣ እንዲህ እያለ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 እርምጃ ይሄዳል። ከፊራ መሀል ቆሞ «ወሪያ፣ እርድ ያለው ማነው?» ብሎ እንደ መጮህ ነው፤ የሰማው ሁሉ ደግሞ ተቀብሎ ይጮሃል። መስመሩ በጥያቄ ይጥለቀለቃል (ለደቻቱ ልጆች ጎርፍ አይነገርም)። ከ7 እርምጃ በላይ የራቀው ጋ ደግሞ ጥያቄው ስለማይደርስ ዕቃው እያለ የለም ይባላል።

ከፊራ ግን ማንም እንዲህ አይገበያይም። ሽንኩርት ሻጯ እርድ ማን ጋ እንዳለ ባታውቅም «ቅመም ተራ ሄደሽ ጠይቂ» ትላለች። አሜሪካ አገር ኤምአይቲ በሚባለው ተቋም በ2001 የቀረበው ኮርድ የሚባል ዘዴም ወደሚቀርበው ነው የሚልከው።

በክፍላችን ላሳያችሁ። 64 ተማሪ ነን እንበል። በስም መጥሪያ ቁጥራችን ክብ ሠርተናል፣ ከ64 ቀጥሎ ተመልሶ 1 ይመጣል። ለየመጽሐፉም ቁጥር እንስጥ፤ የሳይንሱ 45 ይሁን። ያ መጽሐፍ ማን ጋ እንደሚያድር የሚመዘግበው 45 ቁጥር ተማሪ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የስድስት ልጆች ቤት ብቻ ይወቅ፦ ከእሱ ወደ ፊት በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እና በ32 የሚርቁትን። አሁን 3 ቁጥር ማታ መጽሐፉን ፈለገ። ከሚያውቃቸው ውስጥ 45ን ሳያልፍ በጣም የሚቀርበው 35 ነው፣ እሱ ጋ ይሄዳል። 35 ወደ 43 ይልከዋል፤ 43 የ45ን ቤት ያውቃል። 63 ቤት ከማንኳኳት ሦስት ቤት! የቀረው ርቀት በየእርምጃው ቢያንስ በግማሽ ስለሚቀንስ ከስድስት ቤት አይበልጥም። ኮምፒውተሮቹ አንድ ሚሊዮን ቢሆኑ እንኳ 20 እርምጃ አካባቢ ይበቃል። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው።

45 ቁጥር ታሞ ከቀረስ? ቀጥሎ ያለው 46 ግልባጩን ይይዛል። 43 ወደ 44 ይልካል፣ 44 የ46ን ቤት ያውቃል።

መልመጃ፦ 60 ቁጥር የሆነች ልጅ 10 ቁጥርን ብትፈልግ በማን በማን በኩል ታልፋለች? መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን አስረክቡ።