ከሊኑክስ ኮምፒዩተር የሚላክ የፖስትስክሪፕት ጽሑፍ በዊንዶውስ ፕሪንተር ስለሚታተምበት መንገድ

በአንዳንድ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓይነት ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ፕሪንተሩ ዊንዶውስ ካለበት ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ለሁሉም የጋራ ሲሆን፥ ኢንቮይሱና የዕቃው ዝርዝር ግን ሊኑክስ ባለበት ላይ ይዘጋጃል። ሁለቱ ያልተግባቡ እንደ ሆነ ባንኩ የሚጠብቀው ሰነድ በሰዓቱ አይደርስም፤ ወረቀትና ቀለምም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ለነጋዴውም ለጸሓፊውም ይጠቅማል።

ፖስትስክሪፕት ምንድር ነው?

ፖስትስክሪፕት ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ያቋቋሙት አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. ያወጣው የገጽ መግለጫ ቋንቋ ነው። ፋይሉ «ይህን ፊደል በዚህ ስፍራ አኑር፥ ይህን መስመር ከዚህ እስከዚያ ስመር» እያለ ፕሪንተሩን ያዛል። ቋንቋውን የሚያውቅ ፕሪንተር ትእዛዙን ፈጽሞ ያማረ ገጽ ያወጣል። የማያውቀው ግን ትእዛዙን ራሱን እንደ ተራ ጽሑፍ ቈጥሮ ሊያትመው ይችላል። በመቶኛ ምልክትና በቃለ አጋኖ ጀምሮ ትርጉሙ የማይታወቅ ጽሑፍ ወረቀቱን ሁሉ ሲሞላው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስሕተቱ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒዩተር የመጣለትን ሁሉ የሚተረጉም ይመስለዋል። ነገር ግን ከሊኑክስ በዚህ መንገድ የሚላከው ሥራ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው፤ ዊንዶውስ እንደ ተላላኪ ሳይከፍት ለፕሪንተሩ ያደርሰዋል። እንግዲህ ትርጉሙ ተሠርቶ ማለቅ ያለበት በሊኑክስ በኩል ነው።

የአሠራሩ ተራ

1ኛ፤ በዊንዶውስ በኩል ፕሪንተሩን ለጋራ አገልግሎት ክፈቱ፤ ክፍት ቦታ የሌለበት አጭር ስምም ስጡት። ለኅትመት ብቻ የሚያገለግል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አዘጋጁ እንጂ የሥራ አስኪያጁን አትጠቀሙ።

2ኛ፤ በሊኑክስ በኩል ሁለት ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። ካፕስ የኅትመቱን ወረፋ ይመራል፤ ሳምባ ደግሞ ኤስ ኤም ቢ በሚባለው ደንብ ከዊንዶውስ ጋር ይነጋገራል።

3ኛ፤ በካፕስ አዲስ ፕሪንተር ስትመዘግቡ በአድራሻው ላይ አስቀድሞ የደንቡን ስም፥ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን ስም፥ በመጨረሻ ለፕሪንተሩ የተሰጠውን የጋራ ስም ጻፉ።

4ኛ፤ ድራይቨሩን በጥንቃቄ ምረጡ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። ፕሪንተሩ ፖስትስክሪፕት የሚያውቅ ከሆነ የፖስትስክሪፕቱን ምረጡለት። የማያውቅ ከሆነ ግን ለራሱ ሞዴል የተሠራውን አስገቡ፤ ያን ጊዜ ጎስትስክሪፕትን የመሰለ ተርጓሚ ፋይሉን አንብቦ ፕሪንተሩ በሚያውቀው ቋንቋ፥ ለምሳሌ በፒ ሲ ኤል፥ ሊመልሰው ይችላል።

5ኛ፤ በመጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ለሙከራ አትሙ።

ችግር ሲገጥም

ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ከወጣ ድራይቨሩን መርምሩ። ምንም ሳይወጣ ሥራው በወረፋው ከቀረ ግን አድራሻውን፥ የይለፍ ቃሉንና የደንቡን ዘመን ተመልከቱ። የኤስ ኤም ቢ የመጀመሪያው ዓይነት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአዲስ ተከላ አብሮ ስለማይገባ፥ ያረጀ ሳምባ ላይገናኝ ይችላል። መድኃኒቱ ሳምባን ማደስ ነው እንጂ አሮጌውን በር መልሶ መክፈት አይደለም፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በብዙ አገሮች የተሠራጨው በዚሁ ደንብ ጉድለት ገብቶ ነበርና።

ፕሪንተር የምትገዙ ሁሉ ከዋጋው አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ፖስትስክሪፕት ያውቃልን? በቀጥታ ከኔትዎርክ ጋር ይያያዛልን? ሁለቱም ካሉት ከሊኑክስ የሚላከው ሰነድ በዊንዶውስ በኩል መዞር ሳያስፈልገው ይታተማል፤ ሰነዱም ቀጠሮው ሳያልፍ ከባንኩ ይደርሳል።