በሩሲያውያን ላይ ያለው ጥላቻ ሥሩ ከየት ነው?

የሰውን ሥራ ሳናይ በትውልዱ ብቻ የምንፈርድ ከሆነ ይህ ጭፍን ጥላቻ ነው። ዛሬ አንድ ምሳሌ ወስደን እንመርምር፤ በአውሮፓ ስለ ሩሲያውያን የቆየውን አመለካከት። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ሥር ፍርሃት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። የሩሲያ ነገሥታት ከ1772 እስከ 1795 ከፕሩሲያና ከኦስትሪያ ጋር ሆነው ፖላንድን ተከፋፍለዋታል። የተበደለ ሕዝብ በደሉን ቢያስታውስ አንፈርድበትም።

ሁለተኛው ሥር ሐሰት ነው። ናፖሊዮን ሩሲያን በወረረበት በ1812 በፓሪስ አንድ ጽሑፍ ታተመ። ታላቁ ጴጥሮስ ወራሾቹ አውሮፓን እንዲገዙ ተናዟል የሚል ነበር። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜም (1853-1856) እንደገና ወጥቶ ሕዝብ መቀስቀሻ ሆነ፤ ሊቃውንት ግን ኋላ መርምረው ፈጠራ መሆኑን አረጋገጡ። የፈራ ሰው ሐሰትን ቶሎ ያምናል።

ሦስተኛው ሥር መንግሥትንና ሕዝብን መቀላቀል ነው። በደርግ ዘመን በአገራችን «ሩሲያዊ» ሲባል ለብዙዎች «እግዚአብሔር የለም ባይ» ማለት ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት አሥራ አምስት ሪፐብሊኮች ነበሯት፤ ስታሊንም ጆርጂያዊ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና ካህናት ሲገደሉ ብዙ ሩሲያውያን ራሳቸው መከራውን ተቀብለዋል። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞቻችንን ያከሙትም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሰዎች ነበሩ።

በ2022 የሩሲያ መንግሥት ዩክሬንን በሰፊው ወረረ። ይህን በደል ነው ማለት ጥላቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ግን በሚላኖ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደራሲው ዶስቶየቭስኪ ሊሰጥ የነበረውን ትምህርት አስተላልፎ፣ ተቃውሞ ሲነሣ ሐሳቡን ለወጠ። ዶስቶየቭስኪ በ1881 የሞተ፣ በ1849ም የገዛ መንግሥቱ ያሰረው ሰው ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉ የለምን? በሌላ በኩል የሩሲያ ባለሥልጣናት ወቀሳ ሲደርስባቸው «ሕዝባችንን ስለምትጠሉ ነው» ብለው ይመልሳሉ። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕዝቡን ከመንግሥቱ አይለዩትም።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብለን አንለፈው። አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ታጣቂ በሠራው ክፋት፣ ቋንቋውን የሚናገረውን የሰፈራችንን ልጅ አኩርፈን አናውቅምን?

ለውይይት፦ በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ሕዝብ የሰማነው ክፉ ወሬ ከእውነተኛ በደል የመጣ ነው ወይስ ከፈጠራ? በደሉን የሠራውስ ማን ነው?