የዕቃ ቤት ጥበቃና የካሜራ ዕቅድ፤ አነስተኛ ገቢ ላላቸው አጥቢያዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ነህምያና ወገኖቹ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያድሱ ጠላት በዛተባቸው ጊዜ ከጸሎታቸው ጋር ጥበቃ አደራጅተዋል (ነህ. 4፥9)። ዛሬም በየአጥቢያው «ካሜራ እናስገጥም» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ካሜራ በር አይዘጋም፣ ሌባም አይዝም፤ ሥራው ያየውን መመስከር ነው። ስለዚህ መዝገብ፣ ቁልፍና ሰው ይቀድሙታል። የተወሰነ ገንዘብ ያለው አጥቢያም በዚህ ቅደም ተከተል ሊያወጣው ይገባል።

1. መዝገብ ይቅደም

የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ደርሶ ነበር፤ የተመለሰው ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋው ዘውድ ደግሞ በኔዘርላንድ ነዋሪ በሆኑት በአቶ ሲራክ አስፋው እጅ ለ21 ዓመታት ያህል ተጠብቆ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለሀገሩ በቃ። ዘውዱ የጨለቆት መሆኑን ለማረጋገጥ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ካህን ደፍተውት የተነሡት ፎቶግራፍ ነው።

እያንዳንዱ መስቀል፣ ጽና፣ ዘውድና የብራና መጽሐፍ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ይነሣ፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ስንጥቁና ጽሑፉ ይመዝገብ። ለዚህ አንድ የእጅ ስልክ ይበቃል። ቅጂው በአጥቢያው፣ በወረዳ ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከት ይቀመጥ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

2. ቦታውን ማጥናት

እንፍራንዝን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ቤተ መንግሥት ጎረቤት ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይም ትገኛለች። በሌሊት የወጣ ብራና ሳይነጋ ከሁለቱ ከተሞች ወደ አንዱ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ከሠርክ ጸሎት በኋላና ከኪዳን በፊት የዕቃ ቤቱን በር ሁለት ሰዎች አብረው ማየታቸው ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የግቢው ንድፍ ይሣልና ሌባ የግድ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ይለዩ። ለአንድ መካከለኛ አጥቢያ ዋናው በር፣ የዕቃ ቤቱ በር፣ ሙዳየ ምጽዋቱና የኋላው አጥር ይበቃሉ፤ አራት ካሜራ ማለት ነው። ግቢውን በሙሉ የሚያይ አንድ ካሜራ ሰው መግባቱን እንጂ ማንነቱን አያሳይም። የማይታወቅን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል። ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በአግድም 1,920 ፒክስል ስላለው ከ7 ሜትር ተኩል የሰፋ ቦታ አይሰጠው።

3. ማከማቻና መብራት

አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ አራቱ 86 ያህል። ባለ 2 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ እንግዲህ 23 ቀን ገደማ ያስቀምጣል። ቆጠራው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ማስረጃው ጉድለቱ ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ በየ15 ቀኑ ይቆጠር።

አራት ካሜራ በ5 ዋት፣ መቅጃው በ15 ዋት ቢታሰብ ድምሩ 35 ዋት ነው። መብራት ለ12 ሰዓት ቢጠፋ 420 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ይሰጣል፤ በኢንቨርተር የሚባክነውን ጨምሮ ይበቃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ መቅዳት የሚያቆም ካሜራ አይገዛ፤ መቅጃው በግቢው ውስጥ፣ ከዕቃ ቤቱ በተለየ የተቆለፈ ክፍል ይቀመጥ።

በጣና ዳርቻ ላሉ አጥቢያዎች የክረምት መብረቅና የሸረሪት ድር ልዩ ፈተና ናቸው። መሬት ውስጥ የሚገባ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በበጀቱ ይካተት። ሸረሪት በካሜራው መስተዋት ላይ ካደራች በሌሊት ምስሉ ነጭ ብቻ ይሆናልና በየሳምንቱ የሚጠርግ ሰው ይመደብ።

4. የማይታይ ቦታና የሰው ክብር

ካሜራ ወደ ቅድስትና መቅደስ፣ ወደ ጠበል መጠመቂያና ንስሐ ወደሚሰጥበት ስፍራ አይዞር። ምእመናን እንዲያውቁ በበሩ ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩም አይዘንጋ። የፋብሪካው የይለፍ ቃል ወዲያው ይለወጥ፤ ቀረጻውንም ሁለት የተወከሉ ሰዎች አብረው ካልሆነ በቀር ማንም አይክፈት።

አንዳንድ አባቶች ካሜራን በዕቃ ቤት ኃላፊው ላይ እንደ ተሰነዘረ ጥርጣሬ ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ንዋየ ቅድሳት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሐሜት የሚያርፈው ቁልፍ በያዘው አባት ላይ ነው። መዝገብና ቀረጻ ያለው ኃላፊ ንጽሕናው በማስረጃ ይቆምለታል። ስለዚህ ዕቅዱ ሲወጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እርሱ በጉባኤው ይገኝ።

5. በደረጃ መግዛት

በመጀመሪያው ሩብ ዓመት መዝገቡና ፎቶው ይጠናቀቅ። በሁለተኛው በር፣ ቁልፍና የግቢ መብራት ይታደስ። በሦስተኛው ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቦ አራት ካሜራ የሚቀበል መቅጃና ለዋናው በርና ለዕቃ ቤቱ ሁለት ካሜራ ይገዛ። የቀሩት ሁለቱ በአራተኛው ይጨመሩ። ለባትሪ ቅያሪና ለጥገና በየዓመቱ የሚያዝ ገንዘብ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ይህ ካልታሰበ ካሜራው ለጌጥ ይቀራል።

ለጉባኤ ውይይት

ሀ. ዛሬ ማታ አንድ መስቀል ቢጠፋ ለፖሊስ የምናሳየው ፎቶ አለን?
ለ. የዕቃ ቤታችን ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው? መቼስ ተቆጠረ?
ሐ. መብራት በጠፋበት ሌሊት ማን ይጠብቃል?
መ. ቀረጻውን የሚከፍቱት ሁለቱ ሰዎች እነማን ይሁኑ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።