የቁፋሮ መኪና የዘይት ቱቦ

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና ጉልበቱን የሚያገኘው ከማሽን ዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን በጎማ ቱቦ እየገፋ መሰርሰሪያውን ያዞረዋል። ይህ ግፊት ከትንሽ መኪና ጎማ ግፊት ከ50 እጥፍ በላይ ይበልጣል።

በቁፋሮ ሥራ የምንረዳ ሁሉ እንጠንቀቅ። ቱቦው ከብረት እንዳይፋተግ፣ እንዳይጠመዘዝ፣ የጋለ ሞተር እንዳይነካው አድርገን እንሰረው። ጎማው ተልጦ የውስጥ ሽቦው ከታየ እንለውጠው፤ በላስቲክ መጠቅለል አያዋጣም። ከመፍታታችን በፊት ሞተሩን እናጥፋ፤ ግፊቱንም እናስተንፍስ።

ዘይት የሚያፈስበትን ቀዳዳ በእጃችን ዳስሰን አንፈልግ፤ ካርቶን በእንጨት ላይ አስረን እናስጠጋ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚፈተለክ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። እሾህ የወጋው ይመስላል፤ ግን እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የተወጋ ሰው ባያመውም እንኳ ዛሬ ነገ ሳይል ሆስፒታል ይሂድ፤ ዘይት እንደገባበትም ለሐኪሙ ይንገር።