«ከየት አገኘኸው?»

ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አምስት ሆነን ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ሁላችንም የታሪክ ወዳጆች ነን፤ በሙያው የተመረቀ ግን በመካከላችን የለም። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አምስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በተገናኘን ቁጥር አንዳችን ስለ አንድ የታሪክ ሰው ብዙዎች የማያውቋትን አንዲት ገጠመኝ ይዘን እንመጣለን። ደንባችን ይኸው ብቻ ነው።

ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የሰማኋትን በሙሉ ልብ ጀመርኩ። አሜሪካኖች በኤሌክትሪክ ወንበር የሞት ቅጣት መፈጸም መጀመራቸውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሰማሉ፤ ወንበሩ ይምጣልኝ ብለው ያዝዛሉ፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ይደርሳል፤ ሲደርስ ለካ አዲስ አበባ ላይ መብራት የለም! እሳቸውም ነገሩ በከንቱ አይቅር ብለው ወንበሩን ዙፋን አደረጉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና ወደኔ ዘንበል ብለው «የኔ ልጅ፣ ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ታሪኳን ወደዋት፣ እሳቸውም ሄደው ሊያነቧት ፈልገው ነው። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ሰው ነግሮኛል፤ ያ ሰውም ከሌላ ሰው ሰምቷል። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ያቺ ሳምንት ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያልተማርኩትን አስተማረችኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያገኘሁት ይህ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ወንበር ቅጣት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን በሚባል እስር ቤት ተፈጽሟል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከጫኑ ያኔ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አዲስ አበባም በእርግጥ መብራት አልነበራትም። ንጉሡ አዲስ ነገር ወዳድ መሆናቸውም ልክ ነው። ስልክ አስገብተዋል፤ መልካቸው የተቀረጸበትን ብር ፓሪስ አስመትተው 1887 የሚል ዓመት አስጽፈውበታል፤ ቴምብር አሳትመዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ባመጣው መኪና ተሳፍረዋል። ወንበሩ ግን የለም። በሳቸው ዘመን የተጻፈ አንድም ማስረጃ አልተገኘለትም። አንዱ ተራኪ ወንበሮቹ ሁለት ነበሩ ይላል፣ ሌላው ሦስት ያደርጋቸዋል። ወሬው የተባዛው ከብዙ ዘመን በኋላ በታተሙ የአስደናቂ ነገሮች ስብስብ መጻሕፍት ነው።

ቅዳሜ ይህንኑ ይዤ ሄድኩ። ታሪኳ ውሸት ሆነች ብዬ ስናገር ጨዋታው የሚቀዘቅዝ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ደራ። የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ብሩ ጠየቀኝ፤ ለምን ፓሪስ ተመታ፣ ገበያው በማርያ ቴሬዛ ለምዶ አዲሱን ብር እንዴት ተቀበለ? ታክሲ ነጂያችን መኪናው በዚያ ዘመን ያንን መንገድ እንዴት እንደወጣ ሊገባው አልቻለም። አንዲት የሐሰት ወሬ በአንዲት ቅን ጥያቄ ተፈትሻ አራት እውነተኛ ታሪክ አስከተለች። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ የማነበውን ስጨርስ አልረሳም፤ ምክንያቱም ለሰው የምነግረው ነው፣ የምነግረው ሰውም ከየት እንዳገኘሁት ይጠይቀኛል።

ለብቻ ማንበብ መልካም ነው። ነገር ግን ለብቻ ያነበቡት ነገር እንደ ተከደነ ማሰሮ ነው፤ ይብሰል ይረር የሚያውቅ የለም። ጓደኛ ፊት የቀረበ ታሪክ ግን ይቀመሳል። ጨው ያነሰው ይታወቃል።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ገጠመኞች ይንቃል። ታሪክ ማለት ጦርነትና ውል፣ ዘመንና ሥርወ መንግሥት ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትልቁን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው በሐውልቱ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ። ሐውልት ደግሞ ያስከብራል እንጂ አያበረታም። ሰውየው እንደኛው ተቸግሮ፣ እንደኛው ሞክሮ፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲያደርግ የምናየው በትንሿ ገጠመኝ ውስጥ ነው። ታክሲ ነጂያችን በተራው ያመጣት ታሪክ ይህንን አሳይታኛለች።

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ እነግራችኋለሁ ሲል ሁላችንም ሮም፣ ባዶ እግር ብለን ጠበቅን። እሱ ግን «ስለ ውሾቹ ነው የምነግራችሁ» አለ። አበበ በ1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በ1962 እዚያው በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ ቀስት ይዞ ተወዳደረ። በ1963 ደግሞ በእንግድነት ተጋብዞ ኖርዌይ ሄደ። እንግዳ ነውና ከዳር ተቀምጦ ማየት ይበቃው ነበር። እሱ ግን በቀስት ተወዳደረ፣ በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ በመጨረሻም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ ተቀምጦ እሽቅድምድም ገባ። አሸነፈም።

ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በዓለም በእግሩ የታወቀ የሰሜን ሸዋ ገጠር ልጅ፣ እግሩ አልታዘዝ ባለው ጊዜ፣ ከአውሮፓ ጫፍ በረዶ ላይ ውሾች እየነዳ ሲቀድም አስቡት። ሮምን ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን፤ ከመልመዳችን ብዛት መገረም ትተናል። ውሾቹ ግን እንደገና አስገረሙን። ነርሷ ጓደኛችን በዚያው ሳምንት ጀርባውን ተጎድቶ ተስፋ የቆረጠ አንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆማ ይህችኑ ታሪክ ነገረችው። «ውሻ?» ብሎ ጠየቃት። ከገባ ጀምሮ ራሱ አንሥቶ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር አለችን።

እሷው ናት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮምንም ያደሰችልን። የማራቶኑ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ተብሎ ተጽፎ አየች። በኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል ብላ የቡና ደረሰኝ ገልብጣ በእስክሪብቶ ማስላት ጀመረች። 1953 የባተው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1960 ነው። እንግዲህ ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ወደ ማምሻው ተጀምሮ ነበርና አበበ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ጨልሟል። የጣሊያን ወታደሮች መንገዱን ዳርና ዳር ይዘው ችቦ ያበሩለት ነበር። ሀገር ቤት ልጆች ችቦ አብርተው አዲሱን ዓመት በሚቀበሉበት ምሽት፣ ሮም ላይ በችቦ መካከል በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ያኔ እዚያ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት በኩል አልፎ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህን ሁሉ ጊዜ በሁለት አቆጣጠር ሳንደምር ስንት ዓመት አለፍነው! መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ በታሪክ ለምትጫወቱ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር፣ ቀኑን ወደኛው መልሱት የሚል ነው። ዓድዋን 1888 እና 1896 እያሉ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ልክ ናቸው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለት የቄንጥ ጉዳይ አይደለም፤ ያለዚያ ግማሹ ታሪክ ይጠፋል።

ሁለተኛው «ይባላል» የሚለውን ቃል መውደድ ነው። አማርኛችን ለታማኝ ተራኪ ያዘጋጀችው ቃል ነው። አለቃ ገብረ ሐናን ውሰዱ። ታላቅ ሊቅ ነበሩ፣ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ እኛ ግን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የሳቸው ሊሆን አይችልም፤ ጎበዝ ቀልደኛ ሲገኝ የመንደሩ ቀልድ በሙሉ ወደሱ ይሰበሰባል። ታዲያ ቀልዱን አንተውም። «ይባላል» ብለን እናወራዋለን፣ አስከትለንም ሰውየው ምን ያህል ሊቅ እንደነበሩ እናወሳለን። ይህ ቀልዱን አያሳንሰውም፤ ሊቁን ግን ይመልስልናል።

እንዲህ ያለው የወዳጅ ጨዋታ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ የአባ ጎርጎርዮስንና የኢዮብ ሉዶልፍን ነገር ያስታውስ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሀገር፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቃቅሞ የተማረ ወጣት ጀርመናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። በ1652 ደግሞ መነኩሴው ጀርመን ሀገር ጎታ ከተማ፣ የመስፍኑ ግቢ ድረስ ተጋብዘው ሄዱ፤ ጥያቄና መልሱ እዚያም ቀጠለ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሥርዓቱ፣ ስለ አውሬው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቋንቋው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ሆኖም ከዚያ ጨዋታ በ1681 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ተወለደ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው «ይህስ እንዴት ነው? ከየት አወቁት?» ስለተባባሉ የአንድ ሀገር ታሪክ በአውሮፓ እንደገና ተጻፈ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ የመነኩሴው ትዕግሥት ነው። ከሀገራቸው ርቀው፣ ለባዕድ ሰው፣ ቃል በቃል።

መማር አልቻልኩም፣ ዲግሪ የለኝም የሚለውም ምክንያት አይሆንም። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ አንባቢ የጠየቀውን ሁሉ እየፈለገ ሲመልስ ኖረ። ስለ አጤ ቴዎድሮስ፣ ስለ አጤ ምኒልክ፣ ስለ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ጦርነት ጻፈ። እሱ ሰብስቧቸው ከሞተ በኋላ የታተሙት የምኒልክ ደብዳቤዎች ዛሬም ድረስ ለኛ ቅዳሜ ስንቅ ናቸው። ምኒልክን ከነጠባያቸው፣ ሲቆጡም ሲያዝኑም ማግኘት የሚፈልግ ሰው እዚያ ያገኛቸዋል፤ በወንበሩ ወሬ ውስጥ አይደለም።

እናንተም ጀምሩ። ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ሁለት ይበቃል። ከልጃችሁ ጋር፣ ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር። አንድ ደብተር ግዙ፤ በግራው ገጽ ታሪኩን፣ በቀኙ ያገኛችሁበትን ጻፉ። ቀኙ ባዶ የሆነበትን ገጽ አትቅደዱት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችሁ እሱ ነው። ወዳጃችሁ ሲናገር አታቋርጡት። ሲጨርስ ግን መምህሩ እንዳደረጉት ስኒውን አስቀምጣችሁ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠይቁት። እናንተም ስትጠየቁ አትከፉ። ጠያቂ ወዳጅ ያለው ሰው ታድሏል።

የመጀመሪያዋን የቤት ሥራ እኔ ልስጣችሁ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እንደሠሩት፣ እያንዳንዱ እርከንም ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት እንደሚያመለክት ይባላል። ጫፉ ላይ ደግሞ ከነጻነት በኋላ የተቀመጠ የይሁዳ አንበሳ አለ። ስንት እርከን እንዳለው አልነግራችሁም። አንድ ወዳጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከታች ወደ ላይ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ዓመቱን ደምሩ፤ ከዚያም «ይባላል» የተባለው ልክ ይሁን አይሁን ሙዚየሙ ውስጥ ገብታችሁ ጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ለቡናው ትደርሳላችሁ።