የመስኖ ውሃ ክርክር፦ ጠበቃ ከመያዛችን በፊት ማወቅ ያለብን

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ከዚህ ትምህርት በኋላ ሠልጣኞች፦
- ስለ መስኖ ውሃ አጠቃቀም ሕጉ የሚለውን ዋና ዋና ነገር ያውቃሉ፤
- በፍርድ ቤት የሚጸና የውሃ ተራ ስምምነት ማዘጋጀት ይችላሉ፤
- ክርክር ሲነሳ በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ ጠበቃ ቢይዙ ምን ይዘው እንደሚቀርቡ ይለያሉ።

መግቢያ

ውድ አርሶ አደሮች፣ በጃናሞራ፣ በደባርቅና በዳባት የምታርሱ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ምንጭና ጅረት ከወር ወር እየቀጠነ ይሄዳል። ድንቹና ሽንኩርቱ አብዝቶ ውሃ በሚፈልግበት በጥርና በየካቲት በቦዩ ያለው ውሃ ለሁሉም አይበቃም። የላይኛው ሰው ቦዩን ሲዘጋ የታችኛው ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ነገሩ በአካፋ ተጀምሮ በዱላ፣ ሲብስም በጥይት አልቆ ለልጅ ልጅ ቂም የሚተርፍበት ጊዜ አለ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ ምንጭ የሚጠቀሙ የላይኛውና የታችኛው ጎጥ ሰዎች ተጣልተው በሽማግሌ ታረቁ። የውሃው ተራ ተከፈለ፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አብዛኞቹ መጻፍ ስለማይችሉ በአሻራ ፈረሙ። ወረቀቱን ለዳኛ አላቀረብነውም፣ ምስክሮችን ለይተን አልጻፍንም፣ ቅጂም አላስቀረንም። ከሦስት ዓመት በኋላ የላይኞቹ ተራውን አፈረሱ። የታችኞቹ በግና ፍየል ሸጠው ጠበቃ ያዙ። ጠበቃው አስቀድሞ የጠየቃቸው ያንኑ ወረቀት ነበር። ተከሳሾቹ ግን «አሻራው የእኛ አይደለም» አሉ። ክርክሩ ስለ ውሃው መሆኑ ቀርቶ ስለ ወረቀቱ ሆነ። በዚህ መሐል ሁለት በጋ አለፈ። ጥፋቱ የጠበቃውም የዳኛውም አልነበረም፤ ወረቀቱን በወጉ ያላዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ የውሃ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚረታው ወይም የሚረታበት ጠብ ከመነሳቱ በፊት በተያዘ ማስረጃ ነው። ጠበቃ ያላችሁን ማስረጃ አሳምሮ ያቀርባል፤ የሌላችሁን ግን አይፈጥርም።

1. ሕጉ ምን ይላል?

- በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ምንጩ በእኔ ማሳ ውስጥ ስለፈለቀ የእኔ ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም።
- በዚሁ አዋጅ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ይቀድማል። እናቶች የሚቀዱበትን ምንጭ ለመስኖ ብሎ ማድረቅ በሕግ ፊት ደካማ ቦታ ላይ ያቆማል።
- ለባህላዊ መስኖ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለውሃ ወፍጮ አዋጁ ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቃድ አለመጠየቁ ግን ሌላውን ለመጉዳት መብት አይሰጥም። ሞተር ፓምፕ ለመትከል ስታስቡ አስቀድማችሁ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።
- የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1228 ጀምሮ ስለ ውሃ አጠቃቀም ይደነግጋል፤ መነሻውም ውሃ ለሁሉም ጥቅም የሚጠበቅ መሆኑ ነው።
- በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1149 መሠረት በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሳራ እንዲከፈለው መክሰስ ይችላል። ሁከት ይወገድልኝ የሚለው ክስ ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ» ማለት ይህን ጊዜ አያራዝምም።

2. ጠብ ሳይነሳ የሚዘጋጅ የውሃ ተራ ስምምነት

በአካባቢያችን የውሃ አባት ተመርጦ ተራ ማስጠበቁ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ አርሶ አደሮች ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ በካቴድራሉ በር ተቀምጠው የቦይ ክርክርን በቃል ሰምተው ወዲያው ይፈርዳሉ፤ ይህ ሸንጎ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ነው። የእኛም የውሃ አባት እንዲከበር ውሳኔው በጽሑፍ ይደገፍ። ስምምነቱ የሚከተሉትን ይያዝ፦

1. የምንጩ ወይም የወንዙ ስም፣ የቦዩ መነሻና መድረሻ፣ ጎጥና ቀበሌ፤
2. የተጠቃሚዎች ሙሉ ስምና ውሃው የሚደርሰው የይዞታ ስፋት፣ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ እንደተጻፈው፤
3. የእያንዳንዱ ተራ ቀን፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፤
4. ለመጠጥና ለከብት የሚቀረው ውሃ፤
5. ቦይ የሚጠረግበት ጊዜና የየድርሻው ሥራ፤
6. ውሃው ሲያንስ ተራው እንዴት እንደሚሸጋሸግ፤
7. ተራ ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ካሳ፤
8. የውሃ አባቱ ስምና የሥራ ዘመኑ፤
9. ቀን፣ የተዋዋዮች ፊርማ፣ ቢያንስ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።

ስለ አሻራ ልዩ ማስጠንቀቂያ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሠረት መጻፍ የማይችል ሰው በወረቀት ላይ ያደረገው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት መደረጉ ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ስለዚህ በአሻራ የሚፈርም ሰው ካለ ተዋዋዮቹ አንድ ቀን መርጠው አብረው ፍርድ ቤት ይሂዱ። የአንድ ቀን መንገድ የሁለት በጋ ሙግት ያድናል።

ስምምነቱን በሦስት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ለላይኞቹ፣ አንዱ ለታችኞቹ፣ ሌላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

3. ውሃው ሲቀንስ ቀድሞ የሚሠራ ሥራ

ውሃ ሁሌም ተሰርቆ አይቀንስም። ዝናብ አንሶ ምንጩ ደክሞ ይሆናል፤ ቦዩ ተሰብሮ ወይም ደለል ሞልቶት ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤትን ከመክሰስ በፊት የውሃ አባቱንና ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይዛችሁ ቦዩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግር ተከተሉ።

ቀጥሎ ውሃውን ለኩ። ውሃው ከፍ ካለ ቦታ በሚወርድበት ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ባልዲ ደቅኑና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት ያዙ።

ምሳሌ፦ 20 ሊትሩ በ10 ሰከንድ ከሞላ ውሃው በሰከንድ 2 ሊትር ነው። በ6 ሰዓት ተራ 43,200 ሊትር ታገኛላችሁ። በሌላ ቀን በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 1 ሊትር ሆኗል፤ በዚያው የ6 ሰዓት ተራ የሚደርሳችሁ 21,600 ሊትር ብቻ ነው።

ልኬቱን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሌላ ሰው ባለበት ውሰዱና ቀኑን በደብተር ጻፉ። «ውሃው ቀነሰብኝ» ከሚል ቃል ይልቅ የሁለት ወር ልኬት ያለበት ደብተር ለዳኛም ለሽማግሌም ይናገራል። ቦዩ ሲዘጋ ፎቶግራፍ አንሱ፤ ማሳው ሲደርቅም የቀበሌው ግብርና ባለሙያ አይቶ ጉዳቱን በጽሑፍ እንዲይዝላችሁ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ከመኸር በኋላ የሚመጣ ባለሙያ የደረቀውን ማሳ አያየውም።

4. በሮቹ በቅደም ተከተል

*የመጀመሪያው በር፦ የውሃ አባትና ሽማግሌ።* እርቁ በጽሑፍ ከሆነ ጽኑ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ክሱ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላም ታርቃችሁ ስምምነቱን በመዝገቡ ላይ ማስፈር ትችላላችሁ።

*ሁለተኛው በር፦ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር።* በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተመዘገበ ማኅበር ካላችሁ በውስጥ ደንባችሁ መሠረት አለመግባባቱን አስቀድማችሁ እዚያ አቅርቡ። የተመዘገበ ማኅበር የሕግ ሰውነት ስላለው በስሙ መክሰስም ይችላል።

*ሦስተኛው በር፦ ፍርድ ቤት።* የጃናሞራ ወረዳ ፍርድ ቤት መካነ ብርሃን ነው፤ ይግባኝ ቢኖር ደባርቅ ወደሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚከተሉትን አስታውሱ፦
- ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅም ካላቸው ሌሎቹ መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ አሳይተው አንድ ወይም ሁለት ሰው ስለ ሁሉም መክሰስ ይችላሉ (አንቀጽ 38)። አርባ ሰው ከነሥራው መመላለስ የለበትም።
- ሰብል እየደረቀ ከሆነ የመጨረሻውን ፍርድ ከመጠበቅ በፊት ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ጠይቁ (አንቀጽ 154 እና 155)። በጥር ውሃ ለሚፈልግ ድንች በሰኔ የሚመጣ ፍርድ አይደርስለትም።
- የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድህነት ያለ ክፍያ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል (አንቀጽ 467)።
- ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል (አንቀጽ 323)።

5. ጠበቃ መያዝ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሰባት የውሃ ችሎት ክልሎች ተቋቁመው የራሳቸው የውሃ ዳኞች አሏቸው፤ ሙሉ ሥራቸው የውሃ ክርክር የሆነ ጠበቆችም አሉ። በእኛ ዘንድ ጠበቃ ፈቃድ የሚወስደው በክርክሩ ዓይነት ተለይቶ አይደለም። ዛሬ ስለ ቦያችሁ የሚከራከረው ሰው ትናንት ስለ ውርስ ወይም ስለ ብድር ሲከራከር ውሎ ይሆናል። ሕጉን እሱ ያውቃል፤ ውሃውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ፦

- ለጠበቃው የቦዩን ንድፍ በወረቀት ሥላችሁ ስጡት፤ ላይኛውና ታችኛው ማሳ፣ መክፈቻውና የተዘጋው ቦታ ይታይ። ቢቻል ቦታው ድረስ ይምጣ።
- የይዞታ ደብተር፣ የተራ ስምምነት፣ የልኬት ደብተር፣ የባለሙያ የጉዳት ሪፖርትና የምስክሮች ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ።
- ምስክር ስትመርጡ በዓይኑ ያየውን የሚናገር ይሁን። የሰማ ሰው ቢበዛ ክርክሩን አያጠነክርም።
- የጥብቅና ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም። በፍርድ ቤት ደጅ የሚዞር ሁሉ ጠበቃ አይደለም።
- ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚከፈል፣ ይግባኝና መጓጓዣን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር ይጻፍ። ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ።
- «በእርግጥ አሸንፍልሃለሁ» ብሎ ከሚምል ሰው ራቁ። ደካማ ጎናችሁን የሚነግራችሁ ጠበቃ ይሻላል።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ራሳችሁ መከራከር ትችላላችሁ፤ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ አባት ወይም ልጅም በሕጉ አንቀጽ 58 መሠረት ሊወክል ይችላል። አቅም የሌለው ሰው በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ሒሳብ ሥሩ፦ የጠፋው ሰብል ዋጋ ስንት ነው? የዳኝነት፣ የጠበቃ፣ የመንገድና የሥራ ቀን ወጪስ? የተረታ ወገን የረቺውን ወጪ እንዲተካ ሊታዘዝ እንደሚችልም አትርሱ።

6. ፈጽሞ የማይደረግ

- በሌሊት ሄዶ ቦይ መስበር። ትናንት ከሳሽ የነበረ ሰው በዚህ ሥራው ዛሬ ተከሳሽ ይሆናል።
- መሣሪያ ይዞ ውሃ ማጠጣት።
- ያላየውን የሚመሰክር ሰው ማቅረብ።

ማጠቃለያ

እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች ስለሆናችሁ ሌላው የሚያየው ምርታችሁን ብቻ አይደለም፤ ጠባችሁን እንዴት እንደምትጨርሱም ያያል። የተራ ስምምነት የሚጻፈው ሁሉም ጠግቦ፣ ምንጩ ሞልቶ፣ ፊት ሳይጠቁር በጥቅምት ነው። በየካቲት የሚጻፍ ወረቀት ግን የእርቅ ወይም የክስ ወረቀት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጎጣችሁ የውሃ ተራው የተጻፈ ነው ወይስ በቃል ብቻ የሚታወቅ? የውሃ አባቱ ቢሞት ማን ያስታውሰዋል?
2. በአሻራ የተፈረመ ስምምነት አላችሁ? በማን ፊት ተፈረመ?
3. ቦያችሁ ነገ ቢዘጋ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ማስረጃ ትይዛላችሁ?

የተግባር ሥራ፦ እያንዳንዱ ቡድን እስከሚቀጥለው ሥልጠና ድረስ የቦዩን ንድፍ ይሥራ፣ ውሃውን ሁለት ጊዜ ይለካ፣ ከላይ በተዘረዘሩት ዘጠኝ ነጥቦች የስምምነት ረቂቅ አዘጋጅቶ ይምጣ።